በልዩነት የፈረመው ዘብዴዎስ

ዘብዴዎስ ማረፉን የነገረችኝ የጤና ማኅበራችን የሁምቦ ክሊኒክ ኃላፊ ሲስተር አስቴር ናት፤ በስልክ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ተቀምጠዋል?»

ቆሜ ነበር። «ተቀምጫለሁ» አልኳት።

«አቶ ዘብዴዎስ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ እንዲጽፉና እንዲያነቡ ይፈልጋሉ። ከጋሽ ታደሰ በላይ አብሮት የሠራ ማን አለ ነው ያሉኝ።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ወረቀትና እስክርቢቶ አወጣሁና ግማሹን ገጽ ቶሎ ሞላሁት። የትውልድ ቀበሌው፣ ወላጆቹ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ። «በማኅበራችን በቴክኒሻንነት ሲያገለግል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ።

ስለዚያ ሰው እኔና አንድ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ብቻ የምናውቀው አንድ እውነት አለ። ሥራ አስኪያጁ ከሶዶ ከተዛወረ ቆይቷል። እውነቱን ካልጻፍኩት ዘብዴዎስ ያላጠፋውን ጥፋት ይዞ ይቀበራል። ከጻፍኩት ደግሞ ሚስቴና ልጆቼ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የራሴን ውሸት በራሴ አፍ አነባለሁ። ልጆቼን በእውነት ላይ አሳድጌአለሁ ብዬ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ወረቀቱን አስቀምጬ ስለ እሱ ማሰብ ጀመርኩ።

ዘብዴዎስ አጭር፣ ረጋ ያለ፣ ሲሄድ እንኳ መሬቱን የሚያስፈቅድ የሚመስል ሰው ነበር። ኪሱ ውስጥ ምንጊዜም የታጠበና የተተኮሰ መሐረብ አለ። መሣሪያ ከመንካቱ በፊት እጁን ይጠርግበታል፤ ነክቶ ሲጨርስም ይጠርግበታል። አስቸጋሪ ጥያቄ ሲጠየቅም እንዲሁ፤ ንጹሕ እጁን መልሶ መላልሶ ጠርጎ ነው የሚመልሰው። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት የአብያተ ክርስቲያናትን ድምፅ ማጉያ ሲጠግን ነበር የኖረው። ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ ቆላው ድረስ በእሱ እጅ ያላለፈ ማጉያ የለም ይባል ነበር።

እኔም እንደ እሱ በራሴ የተማርኩ ነኝ። አባቴ ሲሞት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ። በማኅበራችን መድኃኒት መጋዘን በጠባቂነት ተቀጥሬ፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት መድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ቀጭን ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው። ከዚያ የመሣሪያ መመሪያ መጻሕፍት ማንበብ ጀመርኩ። እየቆየ የንብረትና ግዥ ኃላፊ ሆንኩ። እንዲህ ያደገ ሰው አንድ አደጋ አለበት። ማንም ስላላስተማረው፣ ያወቀው ሁሉ የራሱ ንብረት ይመስለዋል። ሲታረም እንደተዘረፈ ያህል ይሰማዋል። እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ዘብዴዎስ ግን አልነበረም።

እሱ አንድ አባባል ነበረው። ማንኛውም መሣሪያ ፊቱ ሲቀርብ፣ ሰው ሁሉ ስለ ውበቱና ስለ ጉልበቱ ሲያወራ ይሰማና «እስቲ እንንቀለው» ይላል።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤቴ ጋብዤው ነበር። የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ እያጠቀስን ስንበላ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ ይበራል ተብሎ የተሸጠልኝን ፋኖስ አሳየሁት። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ መመሪያው ላይ ምን ምን እንደተጻፈ አስረዳሁት። እጁን ጠርጎ ተነሣና የቤቱን ቆጣሪ ማጥፊያ ዝቅ አደረገው። ቤቱ ጨለም አለ፤ ፋኖሱ አልበራም። ልጆቼ በሳቅ ሞቱ። እኔ ፊቴን ቋጠርኩ።

«ሲሠራማ ሁሉም ይሠራል፣ አቶ ታደሰ» አለኝ ማጥፊያውን እየመለሰ። «የሚታወቀው ሲነቀል ነው።»

ነገሩ የጀመረው ማኅበራችን ቢሮዎቹን በአንድ ኔትወርክ ለማገናኘት ሲወስን ነው። ሶዶ ላይ ዋናው ቢሮና ማዕከላዊው ላቦራቶሪ አለ። ሻንቶ፣ ሁምቦ፣ አረካና ቦዲቲ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ክሊኒኮች አሉን። በፊት የደም ናሙና በሞተር ሳይክል ወደ ሶዶ ይመጣል፣ ውጤቱ በወረቀት ይመለሳል። አሁን ግን ውጤቱ በዚያው ደቂቃ ቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ እንዲታይ ተፈለገ። መስመር አቅራቢው «ሜትሮ ኤተርኔት» በሚባል አገልግሎት በየቅርንጫፉ ፋይበር ዘርግቶ ግድግዳው ላይ አንድ የኔትወርክ ጫፍ ይሰጠናል። ከዚያ ጫፍ ወዲህ ያለውን መሣሪያ መምረጥና መግዛት የእኛ ፋንታ ነበር።

አራት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ሰብሳቢም ቃለ ጉባኤ ጸሐፊም ነበርኩ። የሒሳብ ክፍሉ አቶ ጌታሁንና የላቦራቶሪው ኃላፊ አባላት ሆኑ፤ ዘብዴዎስ ደግሞ የቴክኒክ አባል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ናሙና ቀረበልን። አንዱ ሃያ አራት ቀዳዳ ያለው፣ ሰፊና የሚያብረቀርቅ ስዊች። ሌላው ከመጽሐፍ ቅዱስ የማይበልጥ፣ አምስት ቀዳዳ ብቻ ያለው ራውተር።

እኛ ሦስታችን ያየነው ቀዳዳውን ነው። ሃያ አራት ኮምፒውተር የሚሰካበት ነገር እያለ አምስት ቀዳዳ ምን ያደርጋል? ደግሞም ስዊቹ በሳምንት ውስጥ ይገኛል፤ ራውተሩ ሁለት ወር ያስጠብቃል። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ እንግዶች ተጠርተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ስዊቹን አስቀድሜ አጥንቼ ለሥራ አስኪያጁ «ይኼ ነው» ብዬ የነገርኩት እኔ ነበርኩ።

ዘብዴዎስ ሦስት ትንንሽ ስዊቾች ይዞ መጣ። በቁራጭ ወረቀት «ሶዶ»፣ «ሻንቶ»፣ «ሁምቦ» ብሎ ጽፎ ለጠፈባቸውና እርስ በርስ አያያዛቸው። ሁሉም መብራታቸው ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ አንዲት አጭር ኬብል አንሥቶ አንዱን ጫፍ «ሻንቶ» ላይ ሰካው። ሌላውንም ጫፍ እዚያው «ሻንቶ» ላይ ሰካው።

የሦስቱም መብራት በአንድ ጊዜ አበደ። ከሶዶ ወደ ሁምቦ የሚሄደው ነገር ሁሉ ቆመ።

«ስዊች አምስቱን ቢሮ አንድ አዳራሽ ነው የሚያደርጋቸው» አለን። «አንዱ ጥግ ላይ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ቢጮህ ማንም ማውራት አይችልም። ራውተር ግን ለየቢሮው ግድግዳና በር ይሠራለታል። ሻንቶ ቢበላሽ ሻንቶ ብቻ ይበላሻል።»

አቶ ጌታሁን ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው የሚሰካ ማን ነው? እብድ ካልሆነ?»

ዘብዴዎስ እጁን ጠረገ። «እብድማ ገመድ አይነካም። ይህን የሚያደርገው ጠንቃቃ ሰው ነው።»

«መመሪያውን አንብቤዋለሁ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ይህ ስዊች እንዲህ ያለውን ነገር ራሱ አውቆ ይዘጋል። መከላከያ አለው።»

«መከላከያ ያለው ታላቅ ወንድሙ ነው፣ አቶ ታደሰ። ይኼኛው የለውም። ቁጥሩን እይ።»

አላየሁም። ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለአንድ። ዘብዴዎስ ከዚያ በኋላ ስላልተናገረ ሌሎቹ በመጨረሻ የተስማማ መሰላቸው። ቤቴ ገብቼ ግን መመሪያውን አወጣሁና ቁጥሩን አየሁ። ልክ ነበር። ያነበብኩት ሌላ ዓይነት ስዊች መመሪያ ነው። የሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ይለያያል። መጽሐፉን ዘግቼ እራት በላሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን አትሜ አስፈረምኩ። ሁለቱ አባላት ፈረሙ። ወደ ዘብዴዎስ ስወስድለት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከስሙ በላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ ሁለት መስመር ጻፈ። «በልዩነት። ሁሉም ቅርንጫፎች በስዊች ብቻ እንዲያያዙ አልስማማም፤ በአንድ ቅርንጫፍ በተሳሳተ አንድ ገመድ ሁሉም ይቆማሉ።» ከዚያ ፈረመ።

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህቺ «በልዩነት» የምትል ቃል ምን እንደምታደርግ ያውቃል። ሥራ አስኪያጃችን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ዶክተር ነበር፤ ልዩነት ያለበት ቃለ ጉባኤ ሲደርሰው ሁሉንም አስቁሞ እንደገና ያስጠናል። ያኔ ቁጥሩ ይታያል፤ ያላነበብኩትን አንብቤአለሁ ማለቴ ይገለጣል።

የመጨረሻውን ገጽ እንደገና ጻፍኩት፤ «ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ። ለሁለቱ አባላት ገጹ ላይ ሻይ ተደፍቶበት ነው አልኳቸው፤ እያወሩ ፈረሙ። ዘብዴዎስን ያገኘሁት ግቢው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ምሳውን ሊበላ ሲቀመጥ ነው።

«ያቺ ገጽ ሻይ ፈሶባት በአዲስ ጻፍኳት» አልኩት።

መሐረቡን አውጥቶ እጁን ጠረገ። እስክርቢቶውን ተቀበለኝ።

«አንተ ካነበብከው ይበቃኛል» አለና ፈረመ።

መሣሪያን ሁሉ ሳይነቅል የማያምን ሰው እኔን ሳይነቅል አመነኝ። ምሳውን ዘርግቶ «ና ቅመስ» አለኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ሄድኩ። የቀድሞውን ገጽ አልቀደድኩትም። ንብረት ክፍል ያደገ ሰው ወረቀት አይጥልም፤ አጥፌ ያንኑ የተሳሳተውን መመሪያ ውስጥ ከተትኩትና ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።

ምረቃው አማረ። ዘብዴዎስ ያልተስማማበትን ሥራ ከተስማማበት ባልተናነሰ ትጋት ሠራው። ኬብሎቹን በየክሊኒኩ እየዞረ ዘረጋ፤ የሁምቦ ሙቀት መሣሪያውን እንዳይጎዳው ሣጥኑን ከፀሐይ ግድግዳ ላይ አንሥቶ ወደ ጥላ አዛወረው። ለወራት ያለ ችግር ሠራ። እኔም ቀስ በቀስ ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እንዲያውም ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ማሳሰቢያ በተንኩ። ሥርዓት እወዳለሁ። «በየትኛውም ቢሮ ወለል ላይ የተንጠለጠለ ወይም የተጣለ ገመድ እንዳይታይ። ማንኛውም ገመድ በቦታው ይሰካ» የሚል ነበር። ዘብዴዎስ ማሳሰቢያውን አንብቦ ቢሮዬ መጣ።

«አንዲት መስመር ጨምርባት» አለኝ። «ገመድ ከመሰካቱ በፊት ለዘብዴዎስ ይደወል በልበት።»

«ሰው ሁሉ ሕፃን አይደለም» አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ አምስቱም ቢሮ ቆመ።

መጀመሪያ የሶዶ ካርድ ክፍል «ሲስተም የለም» አለ። ቀጥሎ አረካ ደወለች፤ ቀጥሎ ቦዲቲ። ከሁሉም ይልቅ ያስጨነቀን የሲስተር አስቴር ስልክ ነበር። ሁምቦ ላይ ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። የደም ናሙናዋ ሶዶ ላቦራቶሪ ገብቶ ተመርምሯል፤ ውጤቱን ግን ወደ ሲስተሙ ማስገባትም ከሲስተሙ ማውጣትም አልተቻለም።

«በስልክ ንገሩኝ!» ትላለች ሲስተር አስቴር።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ናሙናዎቹ የተለጠፈባቸው ቁጥር ብቻ እንደሆነ፣ የማን ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ደግሞ ያው የተዘጋው ኮምፒውተር ውስጥ እንደሆነ ይነግራታል። በግምት የሰው ደም ዓይነት አይነገርም። ሲስተር አስቴር ሴትየዋን በመኪና ወደ ሶዶ ላከቻት።

መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ዘብዴዎስ የዋናውን ቢሮ መሣሪያ አንድ በአንድ ነቀለ። ሶዶ ብቻዋን ስትሆን ደህና ናት፤ ወደ ቅርንጫፎቹ ስትመለስ ትታመማለች። ጥፋቱ ከአራቱ በአንዱ ቅርንጫፍ እንደሆነ ገባው፤ በየትኛው እንደሆነ ግን ከሶዶ ሆኖ መለየት አይቻልም። ሁሉም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ናቸውና። እየደወለ ይጠይቅ ጀመር። እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ተበላሸ?» ይል ነበር። እሱ የጠየቀው ሌላ ነው።

«ዛሬ ምን አጸዳችሁ?»

አረካ ምንም። ቦዲቲ ምንም። ሁምቦ ለማጽዳት ጊዜም አልነበራትም። ሻንቶ ስልክ አታነሣም። ሚኒባስ ቆሞ እስኪሞላ መጠበቅ ስለማይቻል ሞተር ሳይክል ለመነና ራሱ ሄደ። የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ በሰውና በከብት ተጨናንቋል። እኔ ሶዶ ቀርቼ በመስኮት የሁምቦን መኪና እጠብቃለሁ። ያን ያህል ረጅም ጠዋት በሕይወቴ አላየሁም። ሴትየዋ ብትሞት ማን እንደገደላት አውቀዋለሁ። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ማስረጃው ታጥፎ ተቀምጧል።

መኪናዋ ደረሰች። ሴትየዋ ሆስፒታል ገባች። ተረፈች። እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት እንደ ሌላው ሰው በደስታ አልነበረም፤ በፍርሃት ነበር።

ሻንቶ ላይ የሆነውን ዘብዴዎስ ሲመለስ ነገረን። የካርድ ክፍሏ ወይዘሮ ብርቱካን ከማኅበራችን ሠራተኛ ሁሉ ንጹሕና ታዛዥ ናት። በዚያ ጠዋት ቢሮዋን ስትወለውል አንድ ጫፉ የተሰካ፣ ሌላ ጫፉ ወለል ላይ የተንጠለጠለ ኬብል አየች። የእኔ ማሳሰቢያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ኬብሉን በጨርቅ ጠርጋ ባዶ የነበረ ቀዳዳ ፈልጋ ሰካችው፤ እዚያው ስዊች ላይ። ከዚያ ሲስተም የለም ሲባል ሕዝቡን ለማረጋጋት ውጭ ወጥታ ስለነበር ስልኳን አልሰማችም።

«አለቀሰች» አለ ዘብዴዎስ። «ንቀይው አልኳት፤ ነቀለችው፤ ተመለሰ። አትውቀሷት። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።»

የታዘዘችው ከማን እንደሆነ አልተናገረም።

ሥራ አስኪያጁ በሦስተኛው ቀን ኮሚቴውን ሰበሰበ። ፊቱ ተቆጥቷል።

«አንድ ገመድ አምስት ቢሮ ያቆማል? ይህን መሣሪያ የመረጠው ማን ነው? የቴክኒክ ባለሙያ አልነበራችሁም?»

«ነበረን» አለ አቶ ጌታሁን። «አቶ ዘብዴዎስ መጀመሪያ ተከራክሮ ነበር። ኋላ ተስማማ። ፊርማው አለ።»

ቃለ ጉባኤው መጣ። ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ዘብዴዎስ ፊት አስቀመጠው። ዘብዴዎስ መሐረቡን አወጣ። እጁን ጠረገ። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን አነበበ፤ ፊርማውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። አንድ መሣሪያ ነቅሎ ምን እንደሚሆን እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚያየኝ።

እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«ፊርማህ ነው?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«ፊርማዬ ነው።»

«ታዲያ አደጋውን እያወቅክ ለምን ፈረምክ?»

«ሳላነብ ፈረምኩ» አለ ዘብዴዎስ።

በዚያው ሳምንት ከሥራ የታገደበት ደብዳቤ ደረሰው። ዕቃዎቹን ሲያስረክብ ተቀባዩ እኔ ነበርኩ፤ መፍቻውን፣ የኬብል መፈተሻውን፣ የሣጥኖቹን ቁልፎች። አንድ በአንድ ቆጥሮ ሰጠኝና በሩ ላይ ቆመ።

«ያቺን ገጽ አልጣልካትም» አለኝ። «አንተ ወረቀት አትጥልም።»

መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ልጄ ሰላም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቴ ቆመች። በቤቴ አንድ ሕግ አለ። ጥፋቱን ሳይጠየቅ የተናገረ አይቀጣም፤ የደበቀ እጥፍ ይቀጣል። «አባዬ፣ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። የእማዬን ስልክ የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ፊቷን ማየት አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሷ የተቆጣሁ መስሏት ማልቀስ ጀመረች።

በማግስቱ ገጹን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማያዊውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«አቶ ታደሰ፣ ቃለ ጉባኤ መለወጥ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ይህ ቢወጣ እርስዎ ይጠፋሉ፤ የማኅበሩም ስም ይነሣል። ሰውየውን እመልሰዋለሁ። ይህ ግን ከዚህ ክፍል አይውጣ።»

ይህን ሲለኝ እፎይ አልኩ። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ፤ እፎይ ነው ያልኩት። እውነቱን የተናገርኩ መሰለኝ፤ የተናገርኩት ግን በተዘጋ በር ውስጥ ነበር።

የመመለሻው ደብዳቤ «ያለፈው ጥፋት በይቅርታ ታልፎ» ይላል። ለዘብዴዎስ ቤቱ ድረስ የወሰድኩለት እኔ ነኝ። «ሳሮ» ብሎ እንደ ወትሮው በወላይትኛ ሰላም አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ራውተሮቹ ይገዛሉ?» አለኝ።

«ይገዛሉ። ዛሬ ታዝዘዋል።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

ደብዳቤውን ተቀበለኝ። በአመልካች ጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ፣ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበው። «ጥፋት» የሚለው ቃል ላይ ጣቱ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መቀበሉን ፈረመልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እኔ ያመጣሁለትን ወረቀት ሳያነብ ፈርሞ አያውቅም። የአንዲት ኬብል ማውጫ ቅጽ ብትሆንም ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ ይጨርሳታል። የሌላውን ሰው ወረቀት እንደ ድሮው ቆሞ ይፈርም ነበር። አብረን ምሳ እንበላለን፣ አብረን እንስቃለን፣ ልጄን ስድር ድምፅ ማጉያውን የተከለው እሱ ነው። ወረቀት ስሰጠው ግን ጣቱ ይወርዳል። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አላነሣም። ማንሣት አላስፈለገውም። ራውተሮቹ ከተተከሉ በኋላ ቦዲቲ ላይ አንድ ሠራተኛ ያንኑ የሻንቶን ስህተት ደገመ፤ ቦዲቲ ብቻ ለአንድ ሰዓት ቆመች፤ ሌሎቹ ምንም አልሰሙም። ይህን የነገረኝ ያለ ምንም ፈገግታ ነው፤ የሥራ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው።

ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ግን «አምስት ቢሮ አቁሞ በይቅርታ የተመለሰው» እሱ ነበር። አዳዲስ ቴክኒሻኖች ሲቀጠሩ እንደ ቀልድ ይነገራቸዋል። «ሳታነቡ እንዳትፈርሙ፣ እንደ ጋሽ ዘብዴዎስ!» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «ተው» አላልኩም።

የሕይወት ታሪኩን ጽፌ የጨረስኩት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። የመጨረሻው አንቀጽ ስድስት መስመር ነበር። የጻፈውን ልዩነት ቃል በቃል አሰፈርኩት። ገጹን የለወጠው ማን እንደሆነ፣ ማሳሰቢያውን ያወጣው ማን እንደሆነ፣ ዝም ያለው ማን እንደሆነ በስሜ ጻፍኩ። ለሚስቴና ለልጆቼ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ሚስቴ አንገቷን ደፋች። ሰላም «ሂድ፣ አባዬ» ብቻ አለችኝ።

ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ወይዘሮ ማርታ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። አጥፋ መለሰችልኝ።

«እርስዎ ካነበቡት ይበቃል፣ ጋሽ ታደሰ።»

ያው ቃል ነበር፤ ማንጎው ሥር የሰማሁት።

«አይበቃም» አልኳት። «ወይዘሮ ማርታ፣ እባክሽ አንብቢው። እስከ መጨረሻው መስመር።»

ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። እንደ ባሏ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ቀስ እያለች አነበበች። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው።

«ይህን ለእኔ አልነገረኝም» አለች። «ያን ጊዜ ጠይቄው ነበር። ልጆች እያሉህ ለምን ፈረምክ አልኩት። ‹ሳላነብ ፈረምኩ› አለኝ። ዝርክርክ ነህ ብዬ ሰደብኩት። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ወረቀት በመጣ ቁጥር፣ አንብብ እንጂ እያልኩ ሰደብኩት።» ወረቀቱን ደረቷ ላይ ያዘችው። «እሱ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ያነባል።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ትንሽ ሆነብኝ።

ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ያንብቡት» አለች። «ድምፅዎን ከፍ አድርገው።»

በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሕዝቡ ሞልቶ እስከ መንገዱ ድረስ ቆሟል። ባጃጆች ሞተራቸውን አጥፍተዋል። ወይዘሮ ብርቱካን ከሻንቶ፣ ሲስተር አስቴር ከሁምቦ መጥተዋል። አቶ ጌታሁን ከፊት ተቀምጧል። ልጆቼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ወደ ማይክሮፎኑ ስቀርብ መሐረቤን አውጥቼ እጄን ጠረግኩ።

ማጉያው እሱ የጠገነው ነበር። የመጨረሻውን አንቀጽ ስጀምር ድምፄ ዝቅ አለ፤ ማጉያው ግን አንዲት ቃል ሳያስቀር፣ ስሜንም ጨምሮ፣ መንገዱ ዳር ቆሞ እስከነበረው ሰው ድረስ ጥርት አድርጎ አሰማው።